ከምድር በታች የተቀበረ ዕዳ

ከተማ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ አንደኛው ሥራ ከምድር በላይ ሲሆን ሁለተኛው ከምድር በታች ነው። ከምድር በላይ ያለውን ሕንፃና አደባባይ፣ መንገድና ድልድይ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እያየ ያደንቀዋል፤ ሹሙም ጥብጣብ ቆርጦ ይመርቀዋል፤ ያሠራውም ሰው ስሙን በእብነ በረድ ላይ ያስቀርጽበታል። ከየቤቱ የወጣውን እድፍ ተሸክሞ በጨለማ የሚሄደውን የፍሳሽ ቦይ ግን በደኅናው ቀን የሚያስታውሰው የለም፤ ሰው የሚያስበው ቦዩ የፈረሰ ዕለት፣ ሽታው ከደጁ የደረሰ ዕለት፣ ወይም የክፍያው ወረቀት ከወትሮው አድጎ የመጣለት ዕለት ብቻ ነው።

የክፍያው ወረቀት ባደገ ጊዜ ሕዝብ ይቈጣል፤ ቍጣውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ቍጣው በማን ላይ ሊያርፍ እንደሚገባው፣ ዛሬ ክፍያ ይጨመር በሚለው ሹም ላይ ይሁን ወይስ ትናንት ቦዩ ሲበሰብስ እያወቀ ዝም ባለው ላይ ይሁን፣ ረጋ ብሎ የሚመረምረው ጥቂት ነው። ይህን ለመመርመር የመረጥሁት የአትላንታን ከተማ ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም በዚያች ከተማ ምክር ቤት የተደረገው ክርክር በአደባባይ የተደረገ፣ ውሳኔውም ከሃያ ዓመት በኋላ በፍሬው ሊመዘን የሚችል ስለ ሆነ፣ ደግሞም በከተማይቱ ዙሪያ ብዙ ወገኖቻችን ስለሚኖሩ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሰውም ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

አስቀድሞ ግን የነገሩን ሥር እንመልከት። በኦሪት ዘዳግም በ23ኛው ምዕራፍ እንደምናገኘው፣ የእስራኤል ልጆች በምድረ በዳ በሰፈሩ ጊዜ እያንዳንዱ ሰው ከሰፈሩ ውጭ እንዲወጣ፣ መቈፈሪያም እንዲይዝና ከእርሱ የወጣውን በአፈር እንዲከድን ታዝዞ ነበር፤ ሰፈሩ የተቀደሰ ነውና። ይህ ሕግ በድንኳን ለሚኖር ሕዝብ በቂ ነበር። በአንድ ኮረብታ ላይ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ በተከማቸበት ከተማ ግን እያንዳንዱ ሰው መቈፈሪያውን ይዞ ከሰፈር ሊወጣ አይችልምና፣ ሕዝቡ የየግል መቈፈሪያውን ትቶ አንድ የወል መቈፈሪያ መግዛት ግድ ይሆንበታል። የወል መቈፈሪያውም የፍሳሽ ቦይና የማጣሪያ ጣቢያ ነው፤ በየወሩ የሚከፈለውም የፍሳሽ ክፍያ የዚያ መቈፈሪያ ዋጋ ነው። ይህን ዋጋ በጊዜው ያልከፈለ ከተማ ምን እንደሚደርስበት ለንደን በ1858 ዓመተ ምሕረት በጋ አይታዋለች፤ የቴምዝ ወንዝ ከሙቀቱ ጽናት የተነሣ ሽታው በዳርቻው ያለውን ፓርላማ እስኪያስጨንቅ ድረስ ከፋ፤ ለዓመታት ሲጓተት የኖረው የገንዘብ ፈቃድ ያን ጊዜ በጥቂት ቀናት ተሰጠና ጆሴፍ ባዘልጌት የተባለው መሐንዲስ እስከ ዛሬ የሚያገለግለውን ታላቅ የቦይ ሥርዓት ለመሥራት በቃ።

አትላንታ እንደ ለንደን በታላቅ ወንዝ ዳር የተቈረቈረች ከተማ አይደለችም። በ1837 ዓመተ ምሕረት የባቡር ሐዲድ መጨረሻ እንድትሆን በከፍታ ላይ የተመረጠች ስፍራ ስለ ሆነች፣ በኮረብታዋ ላይ የሚዘንበው ውኃ ከሁለት ይከፈላል፤ ገሚሱ ወደ ቻታሁቺ ወንዝ ወርዶ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይሄዳል፤ ገሚሱም በሳውዝ ወንዝ በኩል ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይጓዛል። በራስጌ ያለ ወንዝ ቀጭን ነውና፣ ትልቅ ከተማ በትናንሽ ጅረቶች ላይ እድፉን ሲያፈስ ጅረቶቹ ሊያጥቡት አይችሉም፤ ከግርጌ ያለው ጎረቤት ይቀበለዋል እንጂ። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የከተማይቱን የመጀመሪያ ቦዮች የዘረጉት መሐንዲሶች፣ እንደ ዘመናቸው ልማድ፣ የዝናቡን ጎርፍና የቤቱን ፍሳሽ በአንድ ቱቦ እንዲሄድ አደረጉ። በደረቁ ወራት ይህ ሥርዓት ይሠራል፤ ዝናብ በጠነከረ ጊዜ ግን ቱቦው ሁለቱን ሊችል ስለማይችል፣ የጎርፉ ውኃ የቤቱን እድፍ እንደ ተሸከመ ሞልቶ ወደ ጅረቱ ይገለበጣል። በአትላንታም ይህ መገልበጥ በዓመት ስድሳ ጊዜ ያህል ይደርስ ነበር።

በ1993 ዓመተ ምሕረት በጁን ወር ከባድ ዝናብ በጣለበት ዕለት፣ በከተማይቱ መካከል በአንድ ሆቴል የመኪና ማቆሚያ ሥር ያልፍ የነበረው አሮጌ ቦይ ተደረመሰ፤ ከላይ ያለውም መሬት ተከፍቶ ሁለት ሰዎችን ዋጠ፤ ሁለቱም ሞቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለወንዙ ጥብቅና የቆመ አንድ የቻታሁቺ ወንዝ ጠባቂ ማኅበር ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ ከተማይቱን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። ክርክሩም በ1998 እና በ1999 ዓመተ ምሕረት በፍርድ ቤት በጸኑ ሁለት ስምምነቶች አለቀ። ከተማይቱ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ መቀጫ ከፈለች፤ በወንዞቹ ዳርቻ ላይ መሬት ገዝታ በዛፍ እንድትጠብቅም 25 ሚሊዮን ዶላር እንድታወጣ ተፈረደባት፤ ከሁሉ የሚከብደው ግን ቦዮቿን በተቈረጠ ቀን ውስጥ እንድታድስ መገደዷ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚል መሆኑ ቀርቶ፣ ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚል ሆነ።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ እንደ አሜሪካ ያለ ባለጸጋ መንግሥት ለምን አልከፈለላትም ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። በ1972 ዓመተ ምሕረት የወጣው የአሜሪካ የንጹሕ ውኃ ሕግ ከተሞች እድፋቸውን ሳያጣሩ ወደ ወንዝ እንዳይጥሉ በከለከለ ጊዜ፣ የማጣሪያ ጣቢያ ለሚሠራ ከተማ የማዕከላዊው መንግሥት ከወጪው እስከ 75 በመቶ የሚደርሰውን በስጦታ ይሸፍን ነበር። በ1987 ዓመተ ምሕረት ግን ሕጉ ተሻሽሎ ስጦታው ወደ ብድር እንዲለወጥ ተደረገ። ስጦታው በነበረበት ዘመን ሥራውን ያልጨረሰ ከተማ በብድሩ ዘመን ዕዳውን ብቻውን ተሸከመው። በስጦታም ሆነ በብድር ዘመን ደግሞ የሹማምንት ፈተና አንድ ነው፤ ክፍያ የጨመረ ሹም በሚቀጥለው ምርጫ ይወቀሳል፤ ቦይ ሳያድስ የቀረ ሹም ግን ቦዩ የሚፈርሰው እርሱ ከሥልጣን ከወረደ በኋላ ነውና ማንም አይወቅሰውም። የአባት ዕዳ ለልጅ እንደሚባለው፣ በርካሽ ክፍያ የተደሰተው ትውልድ ያልከፈለውን ልጆቹ ከነወለዱ ይከፍሉታል።

በ2002 ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ወይዘሮ ሸርሊ ፍራንክሊን የአትላንታ ከንቲባ ሆነው ሥራቸውን ሲይዙ የቈያቸው ይህ ዕዳ ነበር። እኒህ ሴት በከተማይቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ናቸው። ጉዳዩን በስውር ከመያዝ ይልቅ ወደ ሊቃውንት አቀረቡት፤ የጆርጂያ ቴክኖሎጂ ተቋም ፕሬዚዳንት የነበሩት ዌይን ክላፍ የሚመሩት የባለሙያዎች ጉባኤ አቋቁመው የትኛው ቦይ ከዝናብ መስመሩ እንዲለይ፣ የትኛውም በጥልቅ ዋሻ እንዲታገዝ አስመረመሩ። የሥራው ሁሉ ዋጋ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር እንደሚጠጋ ተሰላ። በዚያን ጊዜ የከተማይቱ ነዋሪ ከ420,000 ብዙ አይርቅም ነበርና፣ ለእያንዳንዱ ነፍስ ሲካፈል፣ ሕፃኑን ጨምሮ፣ ከ9,000 ዶላር በላይ ይደርሳል ማለት ነው። ወይዘሮ ሸርሊም ስለዚህ ነገር በየአዳራሹ እየዞሩ ያለ ኀፍረት ተናገሩ፤ ራሳቸውንም የፍሳሽ ከንቲባ ብለው እስከ መጥራት ደረሱ።

በ2003 ዓመተ ምሕረት ለከተማው ምክር ቤት የቀረበው ሐሳብ የውኃውንና የፍሳሹን ክፍያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ወደ ሦስት እጥፍ የሚያደርስ ነበር። እንዲህ ያለ ሐሳብ በቀረበበት ምክር ቤት ሁሉ የሚነሡት ሁለት ክርክሮች ናቸው፤ ሁለቱም እውነት ስላለባቸው ልናደምጣቸው ይገባል። አንደኛው ወገን፣ በጡረታ የምትኖር መበለት፣ የቤት ኪራይ የከበደው የቀን ሠራተኛ፣ ትንሽ ምግብ ቤት የከፈተ ስደተኛ፣ ውኃን እንደ ቅንጦት ሊተዉት አይችሉምና ጭማሪው ከእንጀራቸው ላይ ይቈረጣል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ክፍያው ባይጨመር ዕዳው አይጠፋም፤ ፍርድ ቤቱ መቀጫውን ይጨምራል፣ አዲስ ሕንፃ በአሮጌው ቦይ ላይ እንዳይቀጠል ይከለከላል፣ የሚፈርሰውም ቦይ በድንገት ሲጠገን ዋጋው ይበዛል፤ ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ይላል። ምክር ቤቱ በ2003 መጨረሻ ሐሳቡን ሳይቀበለው ቀረ፤ ጥቂት ሳምንታት ቈይቶ በ2004 መጀመሪያ ግን እንደገና ተመልክቶ ጭማሪውን አጸደቀ። መጀመሪያ እምቢ ማለቱን በድካም አልቈጥረውም፤ በሕዝብ ጫንቃ ላይ እንዲህ ያለ ሸክም የሚጭን ጉባኤ ሳያመነታ ቢጭነው ይበልጥ ያስፈራ ነበር።

የክፍያው አሠራር ለብዙ ሰው ምሥጢር ስለ ሆነ በጥቂቱ ልግለጠው። ከቤት የሚወጣውን ፍሳሽ የሚለካ ቈጣሪ የለም፤ ስለዚህ በውኃው ቈጣሪ በኩል ወደ ቤት የገባው ያህል በቦዩ በኩል ወጣ ተብሎ ይገመትና የፍሳሹ ክፍያ በዚያ ልክ ይሰላል። ከዚህም የተነሣ ውኃ የቈጠበ ቤት የፍሳሽ ክፍያውም ይቀንስለታል። ዳሩ ግን የቦዩ ወጪ እንደ ውኃው ልክ የሚቀንስ አይደለም፤ ሕዝቡ ውኃ ቢቈጥብም ቱቦው ያው ርዝመት፣ ማጣሪያውም ያው ስፋት አለው፤ ስለዚህ ሁሉም ሲቈጥብ የእያንዳንዱ ሊትር ዋጋ እንዲጨመር ግድ ይሆናል። ሕዝብ ቈጥቡ ስትሉን ቈጠብን፤ ስለ ቈጠብን ደግሞ ጨመራችሁብን ብሎ የሚያዝነው በዚህ ምክንያት ነው። የሥራው ገንዘብም በአንድ ጊዜ ከሕዝብ ኪስ አይወጣም፤ ከተማይቱ ቦንድ ሸጣ ትበደርና ለብዙ ዓመታት ከክፍያው ትመልሳለች። ይህ በራሱ ፍትሕ አለበት፤ በዋሻው ነገ የሚገለገል ሰው ለዋሻው ነገ ይከፍላልና። አበዳሪ ግን ከተማይቱ ክፍያ ለመጨመር ድፍረት እንዳላት ሳያረጋግጥ በርካሽ ወለድ አያበድርም፤ ምክር ቤት ያመነታ እንደ ሆነ ወለዱ ይወጣል፤ ያም ወለድ ተመልሶ የሚያርፈው በዚያችው መበለት ወረቀት ላይ ነው።

በአትላንታ የተገኘው ሌላው ዘዴ ትምህርት ያለበት ነው። ያን ጊዜ በከተማይቱ ክልል ውስጥ የሚያድረው ሰው ከአምስት መቶ ሺህ በታች የነበረ ሲሆን፣ በዙሪያዋ ባሉት አውራጃዎች የሚኖረው ሕዝብ ግን በሚሊዮን ይቈጠራል፤ ከእርሱም ብዙው ጧት ወደ ከተማይቱ ገብቶ ውሎ፣ ቦዩንም ተጠቅሞ፣ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ክፍያውን የነዋሪው ብቻ ማድረግ የቀን እንግዳውን ዕዳ በአዳሪው ላይ መጫን ነበር። ስለዚህ በክፍለ ሀገሩ ሕግ አውጪዎች ፈቃድ፣ በከተማይቱ በሚሸጠው ዕቃ ላይ አንድ በመቶ ግብር እንዲጨመርና ለውኃና ለፍሳሽ ሥራ ብቻ እንዲውል በ2004 ዓመተ ምሕረት በጁላይ ወር ለሕዝቡ ድምፅ ቀረበ፤ ሕዝቡም በሰፊ ብልጫ ተቀበለው። ግብሩ የዘላለም አይደለም፤ በየአራት ዓመቱ ሕዝቡ እንደገና ይጠየቃል፤ በ2008፣ በ2012፣ በ2016 ዓመተ ምሕረትም ተጠይቆ እሺ ብሏል። የሽያጭ ግብር ድሀውንም የሚነካ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ሸክሙን በብዙ ትከሻ ላይ ስለ ዘረጋው የክፍያው ጭማሪ ከዚያ የከፋ እንዳይሆን አድርጎታል።

በገንዘቡም ሥራ ተሠራበት። በናንሲ ጅረት ሥር 13 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ 5 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ዋሻ ተቈፈረ። በምዕራቡ ሰፈር ደግሞ በድንጋዩ ውስጥ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቅ፣ አፉ ከ7 ሜትር የሚበልጥ ዋሻ በ2008 ዓመተ ምሕረት ተፈጸመ፤ ዝናብ በመጣ ጊዜ የጎርፉንና የቤቱን ውኃ በሆዱ ይዞ ያቈይና ማጣሪያው ሲችል ቀስ እያለ ይለቀዋል። በዓመት ስድሳ ጊዜ ይገለበጥ የነበረው እድፍ በአማካይ ከአራት ጊዜ እንዳይበልጥ የታቀደውም በዚህ ነው። ደግሞም ሁሉ ነገር በዋሻ አልሆነም። አራተኛው ዋርድ በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ተነሥተው፣ ጎርፉ ከሚቀበር ይልቅ በገላጣ ኩሬ ይሰብሰብና ዙሪያው መናፈሻ ይሁን ብለው ሐሳብ አቀረቡ፤ ከተማይቱም ሰማቻቸው፤ ኩሬው ታስቦ ከነበረው ዋሻ በብዙ ሚሊዮን ዶላር ረክሶ በ2011 ዓመተ ምሕረት ለሕዝብ ተከፈተ። ድሆች ጥቍር አሜሪካውያን በሚበዙበት በቫይን ሲቲ ሰፈር ደግሞ በ2002 ዓመተ ምሕረት እድፍ የተቀላቀለበት ጎርፍ ቤቶችን ሞልቶ ሕዝቡን አፈናቅሎ ነበር፤ በዚያ ባዶ በቀረ መሬት ላይም ጎርፍ የሚውጥ ሌላ መናፈሻ ተሠርቶ በ2021 ዓመተ ምሕረት ተመረቀ። ቦይ ሳይታደስ ሲቀር አስቀድሞ የሚሰምጠው በዝቅታ ላይ የተሠራው የድሀ ቤት መሆኑን ይህ ሰፈር ይመሰክራል፤ ስለ ድሀ ብሎ ጭማሪውን የሚቃወም ሰውም ይህን ምስክርነት ሳይሰማ ባይፈርድ መልካም ነው።

ይሁን እንጂ ዋጋው ቀላል አልነበረም። በ2008 ዓመተ ምሕረት ምክር ቤቱ አራት ዓመት የሚዘልቅ ሌላ ጭማሪ አጸደቀ፤ የመጀመሪያው ዓመት ጭማሪ ብቻ ከሩብ በላይ ነበር። አትላንታም የውኃና የፍሳሽ ክፍያ በአሜሪካ እጅግ ውድ ከሆነባቸው ታላላቅ ከተሞች አንዷ ሆነች። ሁለተኛው ስምምነት ያዘዘው ሥራም በ2014 ዓመተ ምሕረት ሊያልቅ ተቈርጦ የነበረው እስከ 2027 እንዲራዘም ተፈቀደ፤ ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ በነዋሪው ላይ የሚያርፈው ሸክም ነበር። ከአትላንታ በስተ ምሥራቅ ባለው በዲካልብ አውራጃ፣ ክላርክስተን በምትባለው ትንሽ ከተማና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ቤት ሠርተዋል፤ ሱቅና ምግብ ቤት ከፍተዋል። ያም አውራጃ በ2011 ዓመተ ምሕረት ስለ ፍሳሽ ቦዮቹ ከመንግሥት ጋር ተመሳሳይ ስምምነት ገብቶ ነበርና፣ በ2025 ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ የአውራጃው ምክር ቤት የውኃና የፍሳሽ ክፍያ በየዓመቱ 10 በመቶ ለ10 ዓመት እንዲጨምር ወሰነ። ጭማሪው በጭማሪ ላይ ስለሚደራረብ፣ ከጭማሪው በፊት 100 ዶላር ይከፍል የነበረ ቤት በዐሥረኛው ዓመት ወደ 259 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። ከወገኖቻችን መካከል ይህን ወረቀት በእጁ የያዘ ሁሉ የአትላንታን ታሪክ ቢያውቅ፣ ለምን እንደሚከፍል ያውቃል፤ ምን መጠየቅ እንደሚገባውም ይረዳል።

መጠየቅ የሚገባውም ነገር አለ። በ2024 ዓመተ ምሕረት ያው ወንዝ ጠባቂ ማኅበር የአትላንታ ትልቁ የማጣሪያ ጣቢያ በሚገባ ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ቻታሁቺ ይለቃል ብሎ ከተማይቱን እንደገና ፍርድ ቤት አቁሟታል። ዋሻ መቈፈር አንድ ነገር ነው፤ የተሠራውን ዕለት ዕለት መጠበቅ ሌላ ነገር ነው። ሕዝብ ከከፈለ በኋላ የከፈለበትን መቈጣጠር ካልቻለ፣ ክፍያው መባ መሆኑ ይቀርና ቀማ ይመስላል። ስለዚህ ክፍያ ይጨመር የሚል ምክር ቤት ሁሉ ሦስት ነገር ዕዳ አለበት፤ ገንዘቡ በየትኛው ቦይ ላይ እንደሚውል በሥዕልና በቍጥር ማሳየት፣ መክፈል ለማይችለው ነዳይ መጠጊያ ማዘጋጀት፣ በየዓመቱም ተመልሶ ለሕዝብ ሒሳብ መስጠት። እነዚህን ያላሟላ ጭማሪ ሊከለከል ይገባዋል፤ ያሟላውን ግን በቍጣ ብቻ መመለስ ዕዳውን ለልጆቻችን አድርሱልን እንደ ማለት ነው።

ይህ ነገር ከእኛም ከተማ የራቀ አይደለም። በአዲስ አበባ መካከል የሚወርዱት ታላቁና ትንሹ አቃቂ የከተማችንን እድፍ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይሄዳሉ፤ በዳርቻቸውም በዚያው ውኃ ጎመንና ሰላጣ ይበቅላል፤ ያ ጎመን ተመልሶ ወደ ገበያችንና ወደ ገበታችን ይመጣል። ከመጸዳጃ ቤታችን የወጣ ነገር ከዓይናችን ስለ ጠፋ ከዓለም የጠፋ አይደለም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ የምትኖርበት ከተማ ምክር ቤት ስለ ፍሳሽ ክፍያ ሲመክር የተሰማ እንደ ሆነ፣ ነገሩ አስነዋሪ ነው ብለህ አትናቀው፣ ውድ ነው ብለህም ሳትመረምር አታውግዘው፤ ከጉባኤው ተገኝተህ ጠይቅ፣ አድምጥ፣ ከዚያም ፍረድ። ሸርሊ ፍራንክሊን የሕዝባቸውን ክፍያ በብዙ እጥፍ የሚያሳድግ ሐሳብ አቅርበው፣ እውነቱንም ሳይሸሽጉ ተናግረው ነበር፤ በ2005 ዓመተ ምሕረት ለሁለተኛ ጊዜ ለምርጫ በቀረቡ ጊዜ፣ ድምፁን ከሰጠው የአትላንታ ሕዝብ ከዐሥሩ ዘጠኙ ያህል መረጣቸው።